የ«አቢ ሮድ» ሁለተኛ ገጽ፦ ስፌቱ ላይ ጆሮ የጣለ አለ?

መብራት የለም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እንዴት አመሻችሁ ቤቶች። ትናንት ሰፈራችን መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ። ስልኬ ላይ የወረደ አልበም አንድ ብቻ ነበር፤ የእንግሊዞቹ ባንድ የቢትልሶች (ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር) «አቢ ሮድ»። ማዳመጫ ሰክቼ አልጋ ላይ ተጋደምኩና ከሸክላው ሁለተኛ ገጽ ጀመርኩ።

ይህን አልበም ከሃያ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ለካስ የማውቀው ዘፈኖቹን ኖሯል። ስልኬ ሁልጊዜ እያፈራረቀ ስለሚያጫውትልኝ አንዱ ዘፈን ለሌላው እንዴት እጁን እንደሚሰጥ በቅጡ ሰምቼ አላውቅም። ከ«ዩ ኔቨር ጊቭ ሚ ዩር መኒ» እስከ «ዚ ኤንድ» ስምንት ዘፈን በ16 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ግማሾቹ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞሉም። አንዱን ነጥላችሁ ብታሰሙ «ሳይጀመር አለቀ እንዴ?» ነው የምትባሉት።

እኔን የያዘኝ የመጀመሪያው መጋጠሚያ ነው። የገንዘቡ ዘፈን መጨረሻ ላይ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እንደሚቆጥሩት እስከ ሰባት ይቆጠራል፣ ጊታሩ እዚያው ይሽከረከራል፣ ከዚያ ሁሉም እየራቀ ሄዶ የሌሊት ፌንጣ ይመጣል። እውነቴን ነው፣ አንዱን ጆሮዬን ነቅዬ ግቢውን አዳመጥኩ። ግቢው ጸጥ ብሏል። መልሼ ስሰካው ፌንጣው አለ። «ሰን ኪንግ» ጀምሯል።

ሌላው ደግሞ «ኬሪ ዛት ዌይት» መሀል ላይ ያ የገንዘቡ ዜማ በነሐስ መሣሪያዎች ተመልሶ መምጣቱ። አስር ደቂቃ ቆይቶ! ስለማይከፈል ገንዘብ የተዘፈነ ዘፈን ብድሩን የሚመልሰው እዚያ ነው።

ለእናንተስ የትኛው መጋጠሚያ ነው?

አደይ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

እኔ «ሰን ኪንግ» ላይ ሁሌ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር የምታወሩት ለእኔ አዲስ ዜና ነው ሃሃ

ከበሮ ቤት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

መብራት የለም፣ ከአፌ ነጠቅከኝ። የእኔው ግን መጨረሻው ላይ ነው፤ «ዚ ኤንድ» ውስጥ ከበሮ መቺው ሪንጎ ብቻውን የሚቀርባት ቦታ።

ሪንጎ ስታር ከቢትልስ ጋር የቀረጸው ሶሎ ይሄ ብቻ ነው። ሶሎ አይወድም ነበር፤ ለምነው ነው ያስጀመሩት። ርዝመቱ 15 ሰከንድ ያህል ነው። እኔ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ምሽት ቤት እመታለሁ፤ «ሶሎ!» ሲባል ሦስት ደቂቃ የሚደበድብ ልጅ አይቻለሁ፤ ሰዉ አንድ ደቂቃ ያህል ያጨበጭብና ወደ ስልኩ ይመለሳል። ሪንጎ እንዲህ አያደርግም። እግሩን ባስ ድራሙ ላይ ሳያቋርጥ ድም ድም ድም ያስኬዳል፣ እጁ ቶሞቹ ላይ ይንከባለላል፣ አንድም ጊዜ አይንጫጫም። ያን ሰሞን ከበሮው ላይ የጥጃ ቆዳ አስወጥሮ ነበር፤ ድምጹ ፕላስቲኩ እንደሚሰጠው ሳይሆን ወፈር፣ ሞቅ ያለ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ትራክ ላይ ተቀርጿል፤ በማዳመጫ ስትሰሙት ከጆሮ ወደ ጆሮ ይዞራል።

እስቲ ደግሞ ስለ ሜድሊ፣ ዘፈኖችን ሳያቋርጡ አያይዞ ስለ መጫወት ማለቴ ነው፣ ከሰርግ አንጻር ላውራ። እኛ ሰርግ ላይ ሜድሊ የምንጫወተው ሰው እንዳይቀመጥ ነው። ከጉራጌኛው ወደ ኦሮምኛው፣ ከዚያ ወደ ጎጃምኛው ስንሻገር ከበሮው ለአፍታም አይቆምም፤ ከቆመ ሙሽራው ሳይቀር ወንበር ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ግን «ሺ ኬም ኢን ስሩ ዘ ባዝሩም ዊንዶው» ላይ ሁሉን አግለው አግለው ድንገት ቀጥ ያደርጉታል። አንድ ትንፋሽ ዝም። ከዚያ ፒያኖ ብቻውን፣ «ጎልደን ስለምበርስ»። ሰርግ ላይ ብሞክረው ሒሳቤን የሚከፍለኝ የለም።

የሌነን ወገን · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ደስታችሁን ላበላሽ መጣሁ። ጆን ሌነን ራሱ ይህን ነገር አልወደደውም። ዘፈኖቹ እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ክር እንደሌለና ስለተለጣጠፉ ብቻ አንድ ነገር እንደሚመስሉ በኋላ ተናግሯል። «ሚን ሚስተር መስታርድ»ን ደግሞ የራሱ ሆኖ ሳለ ቆሻሻ ብሎታል። የተውጣጡትም ከየትም ነው፤ መስታርድም «ፖሊቲን ፓም»ም እ.ኤ.አ. በ1968 ህንድ አገር ሪሺኬሽ ሳሉ የተጻፉ፣ ከዚያ ወዲህ ቦታ አጥተው የተቀመጡ ናቸው። ያልተጨረሰ ዘፈን ያልተጨረሰ ነው። አስራ ስድስት ደቂቃ ጎን ለጎን ስላስቀመጥከው አይጨረስም።

የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው «አይ ዎንት ዩ» ደግሞ ሰባት ደቂቃ ከምናምን ይሄድና በምላጭ እንደተቆረጠ ጭጭ ይላል። ለእኔ ድፍረት ማለት ያ ነው።

መብራት የለም · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ወንድሜ፣ ያንን ቁርጥ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመስታርድ እህት ስሟ መጀመሪያ ሸርሊ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ስለ ፓም ስለሆነ ስሟን ወደ ፓም የቀየረው ማነው? ጆን። ክር የለውም የሚል ሰው መርፌውን ይዞ ምን ይሠራ ነበር?

የሌነን ወገን · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡44

ይቺን ልቀበልህ። አንዷን ብቻ።

ቆርጦ ቀጥል · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ሥራዬ ድምጽ ነው፤ ሬዲዮ ላይ በሪል ቴፕ ከጀመሩት የመጨረሻዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ምላጭና ማጣበቂያ ይዤ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ይህ ክር የእኔ ነው።

ስምንት ዘፈን ካለ መጋጠሚያው ሰባት ነው፣ አይደል? ከሰባቱ ሦስቱ ግን ስፌት አይደሉም። «ሰን ኪንግ»ና «መስታርድ» አንድ ላይ ነው የተቀረጹት፤ ባንዱ ሳያቋርጥ ከአንዱ ወደ ሌላው አልፏል። «ፖሊቲን ፓም»ና የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ዘፈን፣ «ሺ ኬም ኢን ስሩ ዘ ባዝሩም ዊንዶው»ም እንደዚያው። «ጎልደን ስለምበርስ»ና «ኬሪ ዛት ዌይት»ም እንደዚያው። እነዚህ ላይ «እንዴት አድርገው ገጠሙት» ብላችሁ አትልፉ፤ ተጫውተውት ነው። ሦስተኛዎቹን ጥንዶች እ.ኤ.አ. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሲቀርጹ ጆን አልነበረም፤ ስኮትላንድ ውስጥ በመኪና አደጋ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ፖል፣ ጆርጅና ሪንጎ ሦስት ሆነው ነው የጀመሩት።

የቀሩት አራቱ በቴፕ የተሠሩ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ መብራት የለም የወደደው ፌንጣ በጣም ያስቸገራቸው ነው። መጀመሪያ በሙከራ ቅንብሩ ላይ በአንድ የኦርጋን ድምጽ ሊያገናኙት ሞክረው ነበር። አልሆነም። ፖል ቤቱ ያዘጋጃቸውን የቴፕ ዙሮች ይዞ መጣ፤ ደወል፣ የሌሊት ነፍሳት፣ እንዲህ ያለ ነገር። አንዱን እያደከሙ ሌላውን እያጎሉ አሳለፉት። እኔ ይሄን ስሰማ የሚሰማኝ ቅናት ነው፤ በዚያ ዘመን ይህን ለመሥራት እጅ ያስፈልግ ነበር፣ ቁልፍ መጫን ብቻ አይደለም።

አሁን ትልቁ ጉድ። «መስታርድ»ና «ፓም» መሀል አንዲት 23 ሰከንድ የምትሆን ዘፈን ነበረች፤ «ኸር ማጀስቲ»። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1969 ሙሉውን ገጣጥመው ሲያዳምጡ ፖል አልጣመችውም፣ አውጥተህ ጣላት አለ። ረዳት መሐንዲሱ ጆን ኩርላንደር ቆርጦ አወጣት። ነገር ግን የሸክላ ኩባንያቸው የኢ ኤም አይ ደንብ ቢትልሶች የቀረጹት ማንኛውም ነገር እንዳይጣል ነበር። ስለዚህ ከሜድሊው መጨረሻ በኋላ ባዶ ቴፕ አስገብቶ ጫፉ ላይ ለጠፋት። በነጋታው የሙከራ ሸክላ የሚያወጣው ሰው እሷንም አብሮ አወጣት። ፖል ሁሉም አልቆ ዝም ካለ በኋላ ድንገት ስትመጣ ሲሰማ ወደዳት። ቀረች። 14 ሰከንድ ያህል ዝምታ፣ ከዚያ እሷ። የመጀመሪያው ሸክላ ሽፋን ላይ ስሟ እንኳን አልነበረም።

እንዲህ ስሙት፦ ስትጀምር የሚመጣው ያ ትልቅ ኮርድ የእሷ አይደለም፣ የ«መስታርድ» መጨረሻ ነው። ሲቆረጥ ይዛው ሄደች። የራሷ የመጨረሻ ድምጽ ደግሞ የለም፤ እዚያው «ፓም» መጀመሪያ ላይ ተቀብሮ ቀርቷል። የሌላ ሰው ኮት ለብሳ፣ የራሷን ጫማ ረስታ የወጣች ዘፈን ናት።

አደይ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡05

ጫማዋን ረስታ!! ዛሬ ሳልተኛ እሰማዋለሁ።

እግረ መንገዴን፦ ሸክላው እንግሊዝ አገር የወጣው መስከረም 26 ቀን 1969 ነው ይላሉ፣ በእነሱ። በእኛ ስቆጥረው መስከረም 16 ቀን 1962 ሆነ። ደመራ! ምንም ማለት አይደለም፣ ግን ደስ አለኝ።

የልጆች እናት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እህት ወንድሞቼ፣ እኔ ስለ ጊታርና ስለ ቴፕ አላውቅም። ያለሁት ሜሪላንድ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። «ጎልደን ስለምበርስ» ለእኔ እሹሩሩ ነው። ሌላ ስም የለውም። በዜማችን «እሹሩሩ» ብዬ አቅፌ እጀምርላታለሁ፣ ዓይኗ ከብደድ ሲል ወደዚያኛው እሻገራለሁ። የእኔ ሜድሊ ይሄ ነው በሉት።

ግጥሙ የፖል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ? አብዛኛው የቶማስ ዴከር ነው፤ 1603 ላይ የታተመ ቲያትር ውስጥ ያለ የማስተኛ ግጥም። ፖል አባቱ ቤት ፒያኖው ላይ የኖታ ወረቀት ተከፍቶ አገኘ፤ የእንጀራ እህቱ የምትለማመድበት። ቃሉን ወደደው፣ ኖታ ማንበብ ግን አይችልም። ዜማው ምን እንደሆነ ስላላወቀ የራሱን አወጣለት። ይሄን ሳነብ የሳቅኩት ሳቅ! እናቴም እንደዚሁ ናት፤ የዘፈኑን ዜማ ስትረሳ በገዛ ዜማዋ ታወጣዋለች፣ ብዙ ጊዜም ይሻላል።

ችግሬ አንድ ነው። ልጄ ድክም ስትል፣ ልክ ዓይኗ ሲከደን፣ ያ «ኬሪ ዛት ዌይት» ሁሉም ተባብረው እየጮኹ ይገባል። የሪንጎ ድምጽ ለብቻው ይለያል። ልጅቷ ብድግ! ስንት ጊዜ ቀማኝ። ባለሙያዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ስለቀረጿቸው ነው አላችሁ፣ ለእኔ ግን መለየት ነበረባቸው።

ከበሮ ቤት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡12

እህታለም፣ በከበሮ መቺዎች ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስልከኛው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔ ስልክ ላይ በየዘፈኑ መሀል ግማሽ ሰከንድ ዝም ይላል። መጋጠሚያ የምትሉት እኔ ጋ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስልኬ ነው ወይስ እኔ?

ቆርጦ ቀጥል · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡52

ማስተካከያው ውስጥ ግባ፤ ዘፈኖችን ያለ ክፍተት አጫውት የሚል አለ፣ እሱን ክፈት። ዘፈኖችን እያደባለቀ የሚያሳልፈውን ግን ዝጋ፤ እሱ ደግሞ የራሱን ስፌት ይጨምርልሃል። ያወረድካቸው ነጠላ ፋይሎች ከሆኑ ምናልባት አይድንም፤ ሙሉ አልበሙን ፈልግ።

አሮጌ ቴፕ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ልጆች፣ ጸጥ ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። እኔ ይህን ሙዚቃ የሰማሁት በካሴት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ሄጄ አስቀዳሁት። ሰውየው ሸክላው ነበረው፤ «ሙሉውን በአንድ ገጽ ይገባልሃል» ብሎ የ90 ካሴት አስገዛኝ። በሌላኛው ገጽ ጥላሁንን ቀዳልኝ።

የ90 ካሴት አንድ ገጹ 45 ደቂቃ ነው። «አቢ ሮድ» 47 ደቂቃ ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

የእኔ ካሴት የሚያልቀው «ዚ ኤንድ» ውስጥ ነው። የሪንጎ ከበሮ ይጀምራል፣ ገና ስሞቅ፣ ጠቅ። ቴፑ ይነሳል። እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አልበሙ እንደዚያ የሚያልቅ መስሎኝ ኖሬያለሁ። እንዲያውም ለጓደኞቼ ተንትኜዋለሁ! «አያችሁ፣ ባንዱ እየፈረሰ ስለነበር በከበሮ ብቻ፣ ያለ መልስ ተዉት» ብዬ። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኝ ነበር። ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ሲዲውን ሰው ከውጭ ላከልኝ። ከበሮው አለቀ፣ አሁን ጠቅ ይላል ብዬ ስጠብቅ ጊታሮቹ ገቡ። ተቀምጬ ነበር፣ ቆምኩ።

ያ ሙዚቃ ቤት ዛሬ የለም፤ ቂምም አልያዝኩም።

መብራት የለም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡41

ጋሼ፣ ይሄን ታሪክ እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው! ትንተናዎ ግን አልተሳሳተም እኮ። የገንዘቡን ዘፈን ያጻፈው የኩባንያቸው ጭቅጭቅ አይደል? ሥራ አስኪያጁ አለን ክላይን መጣ፣ ጠበቃ መጣ፣ አራቱ ጓደኛሞች በወረቀት ይነጋገሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1969 ላይ ነው አራቱም ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ላይ ስቱዲዮ የተገኙት።

ስልከኛው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡08

አሁን ክፍተቱ ጠፋልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከከበሮው በኋላ ያሉት ጊታሮች የትኛው የማን ነው? ለእኔ አንድ ሰው ነው የሚመስለኝ።

ከበሮ ቤት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡26

ሦስት ሰው ነው፤ በተራ በተራ፣ እያንዳንዱ ሁለት ባር (ስምንት ምት)፣ ሦስት ዙር። ፖል፣ ጆርጅ፣ ጆን። እንደገና ፖል፣ ጆርጅ፣ ጆን። እንደገና። ፖል ስል ስል ያለ ነው፣ ይወጋል። ጆርጅ ገመዱን እየጎተተ ያስለቅሰዋል። ጆን ሻካራ ነው፤ መጋዝ። ሦስተኛው ላይ ሁሌ «መጋዙ መጣ» በል፣ አትሳሳትም። ሁለቴ ከሰማኸው ሦስት ሰዎች ክብ ሠርተው ቅኔ ሲቀባበሉ ታያለህ።

የሌነን ወገን · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡31

የመጨረሻው ተራ የመጋዙ ነው። ይህንን መዝግቡልኝ።

አሮጌ ቴፕ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡55

ፖልን ካነሳችሁ አይቀር። በ77 ድርቅ ጊዜ፣ ሐምሌ 6 ቀን፣ ለንደን ዌምብሌ ለእኛ አገር ተብሎ ያ ትልቅ ኮንሰርት ሲደረግ ፖል መጨረሻው አካባቢ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን ማይኩ አልሠራም። ሕዝቡ አብሮ ዘፈነለት። እኛ ያኔ አላየነውም፤ ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ነው ያየሁት። ዝም ብሎ አፉ ሲንቀሳቀስ ሳየው ካሴቴ ትዝ አለኝ። ምን እንዳገናኛቸው እንጃ።

አደይ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሪፖርት። ትናንት ሌሊት ሳልተኛ ጨረስኩት! ከዚያ ቆርጦ ቀጥል ያለውን ሞከርኩ፤ «ኸር ማጀስቲ»ን አጫውቼ ወዲያው «ፖሊቲን ፓም»ን። ጫማዋ ተገኘ ለማለት ጆሮዬ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ያ ጊታር ሲገባ «እዚህ ነበርሽ?» አልኳት። በ2019 ባወጡት የሃምሳ ዓመት እትም ላይ በቀድሞ ቦታዋ ያለችበት የሙከራ ቅንብር አለ፣ እሱንም ሰማሁ። ፖል ልክ ነበር። መሀል ላይ ሩጫውን ትሰብረዋለች፤ ሰው እየሮጠ ጫማ ሲያስር።

የመስኮቱ ዘፈን የእውነት እንደሆነስ? ፖል ቤት ደጃፍ የሚውሉ ልጃገረዶች ከግቢው መሰላል አንስተው በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ገቡበት። ፖሊስ ከመጥራት ዘፈን ጻፈ።

የልጆች እናት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5፡40

እኔ ብሆን ፖሊስ እጠራ ነበር።

አሮጌ ቴፕ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡00

እናንተ ናችሁ ያስፈለጋችሁኝ። ሳጥን ሳገላብጥ ካሴቱን አገኘሁት። የልጄ ባል አንድ ቴፕ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ በእርሳስ ጠምጥመን አስገባነው። ድምጹ ይንቀጠቀጣል፣ ፌንጣው ግን አለ። ልጆቹ ሁሉ ዙሪያዬን ቆሙ፤ ታሪኩን ስለነገርኳቸው መጨረሻውን ነው የሚጠብቁት። ከበሮው ጀመረ። ድም ድም ድም። ጠቅ።

ሳቁብኝ። ገልብጬ ጥላሁንን ከፈትኩ። እሱን አልቆረጠውም።